«ዲዋር»፦ በፊርማ የጀመረ፣ በፊርማ የተለያየ ቤተሰብ

[በምስል፦ ሰፊ ሳሎን፣ አንድ ወረቀት፣ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወንድማማቾችና ንግግራቸውን የምታዳምጥ እናት]

ታናሽ ወንድም ለታላቁ አንድ ወረቀት ዘርግቶ እንዲፈርምበት ይጠይቀዋል። ታናሹ ራቪ የፖሊስ መኮንን ሲሆን ታላቁ ቪጃይ የቦምቤይን ወደብ ኮንትሮባንድ ከሚያሽከረክሩት አንዱ ነው፤ ወረቀቱም የእምነት ቃሉ ነው። ቪጃይ አልፈርምም አይልም። ነገር ግን አባቱን አስገድዶ ያስፈረመው ሰው፣ እናቱን ሰድቦ ከሥራ ያባረራት ሰው፣ በክንዱም ላይ ያንን ጽሑፍ የጻፈበት ሰው አስቀድመው ይፈርሙ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ባልከኝ ቦታ ሁሉ እፈርማለሁ ሲል ይመልስለታል።

ይህ ንግግር የሚገኘው በያሽ ቾፕራ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1975 ለእይታ በበቃው «ዲዋር» በተሰኘው የሂንዲ ፊልም ውስጥ ነው። የቃሉ ትርጉም ግንብ ማለት ሲሆን፣ ብዙ ሰው ግንቡን በሕግና በወንጀል መካከል እንደቆመ አድርጎ ይተረጉመዋል። ትርጓሜው ስሕተት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ፊልሙን በጥሞና ለተመለከተ ሰው ግንቡ የተሠራው ከቀለም ነው።

ታሪኩን ከሥሩ እንየው። የልጆቹ አባት አናንድ ሠራተኞችን አስተባብሮ መብታቸውን የሚጠይቅ የማኅበር መሪ ነበር። አሠሪው ሚስቱንና ልጆቹን አግቶ ሠራተኞቹን በሚጎዳ ውል ላይ እንዲፈርም ያስገድደዋል፤ አናንድም ቤተሰቡን ለማትረፍ ይፈርማል። ሠራተኞቹ ከፊርማው በስተጀርባ ያለውን አያውቁምና ከሃዲ ብለው ያዋርዱታል፤ እርሱም ኀፍረቱን መሸከም አቅቶት ከቤት ጠፍቶ ይቀራል። ቁጣቸው ግን በዚያ አላበቃም። ትንሹን ቪጃይን ይዘው በክንዱ ላይ «አባቴ ሌባ ነው» የሚል ጽሑፍ ይነቅሱበታል። አባት በወረቀት ላይ የፈረመውን ልጅ በቆዳው ላይ ተሸክሞት ያድጋል ማለት ነው።

እናቲቱ ሱሚትራ ልጆቿን ይዛ ወደ ቦምቤይ ትሰደዳለች፤ መጠለያቸው ድልድይ ሥር ይሆናል፤ እርሷም በሕንፃ ግንባታ ላይ ጡብ እየተሸከመች ታሳድጋቸዋለች። ራቪ ትምህርት ቤት ሲገባ ቪጃይ ሊስትሮ ይሆናል። አንድ ቀን የአንድ ባለጠጋ ጫማ ጠርጎ ሳንቲሙ መሬት ላይ ሲወረወርለት ልጁ የተጣለ ገንዘብ አላነሳም፣ በእጄ ስጠኝ ይለዋል። ያ ሰው የኮንትሮባንድ አለቃው ዳቫር ነው፤ ከዓመታት በኋላ ቪጃይን ወደ ሥራው የሚያስገባውም እርሱ ነው።

[በምስል፦ የወደቡ መጋዘን፣ የብረት በር]

ቪጃይ ካደገ በኋላ የወደብ ወዛደር ሆኖ እናገኘዋለን። በወደቡ ላይ ፒተር የሚባል ወሮበላ ከወዛደሮቹ ደመወዝ እየቆረጠ የሚወስድ ሲሆን ቪጃይ አልከፍልም ይላል። ግብረ አበሮቹ እርሱን ፍለጋ ወደቡን ሲያስሱ ውለው ወደ መጋዘናቸው ሲመለሱ፣ ቪጃይ እግሩን ዘርግቶ ሲጠብቃቸው ያገኙታል። ተነሥቶ በሩን ከውስጥ ይቆልፍና ቁልፉን ለፒተር ወርውሮ፣ ኪስህ ውስጥ አስቀምጠው፣ በሩን የምከፍተው ከዚያ አውጥቼ ነው ይለዋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ድብድብ በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀው ነው። ሆኖም ተመልካቹን ከወንበሩ ያስነሣው ከቡጢው ይልቅ ቁልፉ ይመስለኛል። ሕይወቱን በሙሉ ሌሎች በር ሲዘጉበት የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ራሱ ዘጋው።

ታሪኩን የጻፉት ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ሲሆኑ፣ ቪጃይን ሲቀርጹ ከወደብ ወዛደርነት ተነሥቶ ስመ ጥር ኮንትሮባንዲስት የሆነውን የሃጂ ማስታንን ሕይወት መነሻ እንዳደረጉ በሰፊው ይነገራል። የዘመኑም ሁኔታ ለዚህ ምቹ ነበር። ሕንድ ከውጭ የሚገቡ ሸቀጦችን አጥብቃ ትቆጣጠር የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የወርቅ ቁጥጥር ሕግ ደግሞ ከዱባይ በጀልባ የሚገባውን ወርቅ እጅግ ትርፋማ አድርጎት ነበር። ፊልሙ በወጣበት ዓመት በሰኔ ወር የወቅቱ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ ማስታንም በዚያው ዘመን ከታሰሩት አንዱ ሆነ።

ቪጃይን የሚጫወተው አሚታብ ባቻን ሲሆን ራቪን የሚጫወተው ሻሺ ካፑር ነው። የሚገርመው ታናሽ ሆኖ የቀረበው ሻሺ በዕድሜ አሚታብን በአራት ዓመት ይበልጠዋል። አሚታብ የሚጮኸው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ንዴቱን ዐይኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሀብታም ከሆነ በኋላ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሲገዛ ሻጩ መከራከር አታውቅም ብሎ ሲያሾፍበት፣ መነገድ የማታውቀውስ አንተ ነህ፣ የፈለግኸውን ብትጠራ እከፍልህ ነበር ይለዋል። ሕንፃው ሲሠራ እናቱ ጡብ የተሸከመችበት ነው። እርሷ ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ስታውቅ ራቪን ይዛ ቤቱን ጥላ ትወጣለች።

ወንድማማቾቹ ከተለያዩ በኋላ የሚገናኙት በልጅነታቸው በተጠለሉበት ድልድይ ሥር ነው። ቪጃይ ሕንፃውን፣ ንብረቱን፣ የባንክ ገንዘቡን፣ መኪናውን ይቆጥርና «አንተስ ምን አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የራቪ መልስ «እናቴ ከእኔ ጋር ናት» የሚል ነው። በሂንዲ አራት ቃላት ብቻ የሆነችው ይህች መልስ ዛሬም በሕንድ ከቀልድ እስከ ቁም ነገር ድረስ ስትጠቀስ ትሰማለች።

የህንድ ፊልም እያየን ያደግን ሰዎች «አክተሩ አይሞትም» እንል ነበር። እዚህ ላይ አክተሩ ይሞታል። ቪጃይ ቁጥሩ 786 የሆነ የወዛደርነት ባጁን ሁልጊዜ ይይዝ ነበር፤ አንድ ሙስሊም የሥራ ባልደረባው ይህ ቁጥር በእነርሱ ዘንድ ቢስሚላህ ማለት እንደሆነ ነግሮታል፤ አንዴም ባጁ ከጥይት አትርፎታል። በመጨረሻው ማሳደድ ግን ባጁ ከእጁ ይወድቃል፤ ራቪም ይተኩሳል። ሽጉጡን ለራቪ የሰጠችው፣ ስትተኩስ እጅህ አይንቀጥቀጥ ብላም የመረቀችው እናታቸው ናት። ለፖሊሱ እናት የሚገባትን ከፈጸመች በኋላ የሌላውን ልጇን እናትነት ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ ሄዳ ትጠብቀዋለች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደጃፉ ላይ እየቆመ ወደ ውስጥ አልገባም ይል የነበረው ቪጃይ እየደማ ይደርስና በጭኗ ላይ ይሞታል።

[በምስል፦ የሽልማት አዳራሽ፣ ጭብጨባ]

ይህንን ሁሉ የምናየው በትዝታ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው ራቪ ለጀግንነቱ በሚሸለምበት አዳራሽ ሲሆን፣ እርሱም ሽልማቱ ለእናቱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። እናቲቱ በጭብጨባው መካከል ወደ መድረኩ ትወጣለች፤ የሚሰጧት ሽልማት አንዱን ልጇን ስለገደለ ለሌላው ልጇ የተዘጋጀ ነው።