ሳራ ቤርናር፦ ሥራዋን ለሌላ ያላስረከበች ተዋናይት

ክቡራን የከተማችን ነዋሪዎች፣ የቴአትር መምህራንና ተማሪዎች፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ድረስ የመጣችሁ የአማተር ክበባት አባላት፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ስለ ሳራ ቤርናር ነው። ከንግግሩ በኋላ በ1912 የተሠራ አንድ ድምፅ አልባ ፊልሟን ስለምናይ፣ ሕይወቷን የምተርከው ፊልሙን ለመረዳት በሚያግዘን መጠን ነው። የምጠራቸው ዓመታት፣ «በእኛ» ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር። ስሟ በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ድምፅዋ፣ ስለ አለባበሷ፣ ሲብስም እቤቷ ስላስቀመጠችውና ተኝታበት ፎቶግራፍ ስለተነሳችበት የሬሳ ሣጥን ነው። የሬሳ ሣጥኑ ወሬ እውነት ነው፤ እኔን ግን ብዙም አይደንቀኝም፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ ማስታወቂያ ምን እንደሆነ ከዘመነኞቿ ሁሉ ቀድማ የገባት ነበረች። እኔ አጥብቄ ልናገር የምፈልገው፣ ይህች ሴት 60 ዓመት ለሚሆን ጊዜ በመድረክ ላይ ልትቆይ የቻለችው ሥራዋን ለሌላ ሰው አሳልፋ ስላልሰጠች መሆኑን ነው።

ሳራ በ1844 ፓሪስ ውስጥ ተወለደች። እናቷ ከሆላንድ የመጣች አይሁዳዊት ስትሆን በባለጸጎች ወዳጅነት የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ አባት የሚባል ሰው በቤቱ አልነበረም። ልጅቷ ቬርሳይ አጠገብ በሚገኝ የመነኮሳይት ትምህርት ቤት አድጋ፣ እሷም መነኩሲት ለመሆን ትመኝ ነበር። ቴአትር እንድትማር ሐሳቡን ያመጣው የእናቷ ወዳጅ የነበረው የሞርኒ መስፍን፣ የንጉሠ ነገሥቱ የናፖሊዮን ሦስተኛ ወንድም በእናት፣ ነው። ልጅቷ አልፈለገችም፤ ቢሆንም ፈተናውን አልፋ ወደ ፓሪስ የሙዚቃና የትወና ትምህርት ቤት ገባች።

በ1862 ኮሜዲ ፍራንሴዝ በተባለው ታላቅ የመንግሥት ቴአትር ቤት የመጀመሪያ ሥራዋን ስታቀርብ ገና 18 ዓመት አልሞላትም ነበር። አጀማመሯ የሐያስያንን ቀልብ አልሳበም። ስሟ መጀመሪያ በከተማው የተወራው በጥፊ ነው። በጥር 1863 የጸሐፌ ተውኔቱ የሞልዬር ልደት ሲከበር፣ ተዋንያኑ በሥነ ሥርዓት ተሰልፈው ወደ ሐውልቱ ያመራሉ። ታናሽ እህቷ ረዢን አብራት ነበረች። ልጅቷ ሳታስበው ማዳም ናታሊ የተባሉትን አንጋፋ ተዋናይት የቀሚስ ዘርፍ ረገጠችባቸው። አንጋፋዋ ዘወር ብለው ልጅቷን ገፈተሯት፤ ከምሰሶ ጋር ተላትማም ደማች። ሳራም ሰው ሁሉ እያየ ማዳም ናታሊን በጥፊ አላሰቻቸው። የቴአትር ቤቱ ሹማምንት ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዟት። እኛ ዘንድ ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ፣ ድንጋይ ተሸክማ እግራቸው ላይ ወድቃ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ እህቴ ይቅርታ ትጠየቅ አለች፤ በዚህም ጸንታ ከቴአትር ቤቱ ወጣች። ተመልካች የማያውቃት፣ ገንዘብ የሌላት፣ በዓመቱ ደግሞ ያለ ባል ሞሪስ የተባለውን አንድ ልጇን የምትወልድ ወጣት ናት እንግዲህ ይህን እምቢታ የተናገረችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ጥቂት የችግር ዓመታት ዘልዬ ልለፍ። በ1866 ኦዴዮን ወደሚባለው ቴአትር ቤት ገባች፤ በ1869 ፍራንስዋ ኮፔ በጻፈው አጭር ተውኔት ውስጥ አንድ ተጓዥ ዘፋኝ ወጣት ወንድ ሆና ተጫውታ ታወቀች። በ1870 ፕሩሲያ ፓሪስን ስትከብብ ቴአትር ቤቱን የቁስለኞች ሆስፒታል አደረገችው፤ ራሷም አስታማሚ ሆነች። በ1872 ኮሜዲ ፍራንሴዝ፣ ያ ያስወጣት ቤት፣ መልሶ ጠራት።

የድምፅዋ ዝና የተተከለው በዚህ ጊዜ ነው። በ1874 ራሲን በጻፈው ትራጄዲ የባሏን ልጅ አፍቅራ በፍቅርና በኀፍረት የምትቃጠለውን ንግሥት ፌድርን ተጫወተች። የራሲን ስንኝ 12 ቀለማት አሉት፤ ግጥሙ ረጅም፣ የተመዘነ፣ በተራ ንግግር ዜማ ሊባል የማይችል ነው። ሳራ ስንኙን በአንድ ትንፋሽ ይዛ እየሳበች፣ ተመልካቹ መድረሻውን እያወቀ እንኳ እስክታደርሰው ድረስ ታስጠብቀው ነበር። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ መንዙማ አውጪው ቃሉን ስቦ ስቦ ተቀባዩ እጁን ለጭብጨባ አንሥቶ የሚጠብቅባትን ቅጽበት የምታውቁ ሁሉ ፌድርን በግማሽ አይታችኋል። ፈረንሳዮች «የወርቅ ድምፅ» አሉት። በኋላ በፎኖግራፍ የተቀዱ ቅጂዎች ዛሬም አሉ፤ ዳሩ ግን ከቅጂው ጩኸትና ጫጫታ መሐል የሚሰማው ድምፅ ያንን አዳራሽ ያስለቀሰ ነው ብሎ ለማመን ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በ1880 ያላጠናችውና ያልወደደችው አንድ ተውኔት በግድ ተሰጣት፤ ተመልካችም ሐያሲም ነቀፋት። በማግስቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ላከች። ቴአትር ቤቱ ውል አፍርሳለች ብሎ ከሰሳት፤ ፍርድ ቤቱም 100 ሺህ ፍራንክ እንድትከፍል ፈረደባት። በዚያ ዘመን ኮሜዲ ፍራንሴዝን መልቀቅ ማለት ዕድሜ ልክ የሚያበላን እንጀራ መርገጥ ነበር። እሷ የራሷን ቡድን አቋቁማ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ እስከ 1881 ባለው ጉዞ ከ50 በሚበልጡ ከተሞች ከ150 ጊዜ በላይ ተጫወተች። ሁሉንም በፈረንሳይኛ! የሚያያት ሕዝብ አብዛኛው አንዲት ቃል አያውቅም። የተውኔቱን ፍሬ ነገር በታተመ ወረቀት እያነበበ ይከታተላል፤ ሞት ላይ ስትደርስ ግን ወረቀቱን አስቀምጦ ያለቅሳል። ከተዋናይ የሚፈለገው ምን ያህሉ ቃል፣ ምን ያህሉ አካል እንደሆነ ለሚጠይቁ ተማሪዎች ከዚህ ጉዞ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ገንዘቡን በተመለከተ ልቅደም፤ ቅድስት አልነበረችም። ክፍያዋን በወርቅ ትጠይቅ ነበር፤ ያገኘችውን ደግሞ ልጇ ሞሪስ በቁማር፣ እሷ በቤት፣ በልብስና በእንስሳት ያጠፉት ነበር። ከብዙ ጉዞዎቿ ጀርባ ያለው ዕዳ ነው። ቢሆንም ዕዳውም የራሷ፣ ትርፉም የራሷ ነበር። በ1893 ረኔሳንስ የተባለውን ቴአትር ቤት በእጇ አስገብታ አዘጋጅም ተዋናይም ሥራ አስኪያጅም ሆነች። በ1899 ከፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ሰፊውን የሻትሌ አደባባይ ቴአትር ቤት ተከራይታ በራሷ ስም ሰየመችው፤ እስክትሞት ድረስም አስተዳደረችው። በ1894 መጨረሻ አልፎንስ ሙሻ የተባለው እምብዛም የማይታወቅ ሠዓሊ ለአንድ ተውኔቷ የሠራውን ፖስተር ባየች ጊዜ ወዲያው የ6 ዓመት ውል ያስፈረመችውም እሷ ናት፤ ዛሬ በየቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ የምናያቸው የሙሻ ሥዕሎች መነሻቸው ያ የቴአትር ማስታወቂያ ነው።

የባለቤትነትን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ ግን የቴክሳስ ድንኳን ነው። በ1905 እና በ1906 አሜሪካ ስትዞር፣ በዚያ አገር ያሉትን ትላልቅ ቴአትር ቤቶች በእጁ ያስገባ አንድ የነጋዴዎች ማኅበር ነበር። ያለ እሱ ፈቃድ የትም አዳራሽ መከራየት አይቻልም። ሳራ በማኅበሩ ውል አልገዛም ስላለች አዳራሾች ተዘጉባት። ያን ጊዜ የሰርከስ ድንኳን ተከራየች። ከተማ ዳር፣ ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በጣውላ መቀመጫ ተደርድሮ፣ ያች የፓሪስ እመቤት በ61 ዓመቷ ቆማ በፈረንሳይኛ ተጫወተች። አዳራሽ የለንም እያልን የምናማርር የዚህ ከተማ ቡድኖች፣ እኔንም ጨምሮ፣ ይህን ታሪክ ብናስታውሰው አይጎዳንም።

አሁን ወደ ወንድ ገጸ ባሕርያቷ ልምጣ። ሐምሌትን በ1899 ተጫውታለች፤ እንዲያውም ይዛው እስከ ሼክስፒር የትውልድ ከተማ እስከ ስትራትፎርድ ሄዳ ነበር። በ1900 ደግሞ በ55 ዓመቷ የናፖሊዮንን ልጅ፣ በ21 ዓመቱ የሞተውን መስፍን፣ ሆና ቀረበች፤ ፓሪስ በጭብጨባ ተናወጠች። በአገራችን የነገሩ አቅጣጫ ተቃራኒ ነበር። በዘመናዊ ቴአትራችን የመጀመሪያ ዓመታት፣ በኋላም በሀገር ፍቅር መድረክ፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ነጠላ ተከናንበው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እንደ አርቲስት አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ክራራቸውን ይዘው፣ «አዝማሪ» የሚለውን ስድብ ችለው መድረኩን ሲረግጡ፣ የተጋፈጡት የተመልካቹን ብቻ ሳይሆን የቤተሰብንና የሰፈርን ዓይን ነው። አርቲስት አስናቀች በእኛ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ረጅም ዘመን ያገለገሉ፣ ዘፋኝም ተዋናይትም ክራር ደርዳሪም ነበሩ። የራሳቸው ቴአትር ቤት ግን አልነበራቸውም። በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት የተሰጥኦ ነው ብዬ አላምንም።

ሲኒማ ገና በእግሩ ሳይቆም ሳራ ቀርባዋለች። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ ፊልምን በፎኖግራፍ ከተቀዳ ድምፅ ጋር አጣምሮ በሚያሳይ ድንኳን ውስጥ፣ የሐምሌት የሰይፍ ግጥሚያ ታይቷል። በ1908 በመድረክ የተጫወተችውን «ቶስካ» የተባለ ተውኔት በፊልም ሠርታ ውጤቱን ስታይ ደነገጠች፤ እንዳይታይም ጠየቀች። ለመደንገጥ ምክንያት ነበራት። ድምፅ የለም፣ የስንኝ ምጣኔ የለም፣ ከመድረክ ተነሥቶ ተመልካቹን የሚነካው የትንፋሽ ነገር የለም፤ የቀረው በግራጫ ብርሃን ውስጥ የሚወራጭ እጅ ብቻ ነው። በሕይወቷ የገጠማት፣ እሷ ያልተከራየችውና ልታዝዘው የማትችለው ብቸኛው መድረክ ካሜራው ይመስለኛል።

ሆኖም ተመልሳ መጣች። በ1912 ስለ እንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥና ስለምትወደው ስለ ኤሴክስ መስፍን የሚተርከው ተውኔት በመድረክ አልቀናትም፤ ታሪኩን ይዛ ዛሬ የምናየውን ፊልም ሠራችበት። አዶልፍ ዙኮር የተባለ ነጋዴ የአሜሪካን የማሳያ መብት ገዝቶ በሐምሌ 1912 በኒው ዮርክ በአንድ የከበረ ቴአትር ቤት አሳየው። እስከዚያ ድረስ ሲኒማ የድሃ ሰፈር መዝናኛ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ የሳራ ስም የከበሩትን ሰዎች ወደ ፊልም አዳራሽ አስገባቸው። ዙኮር በዚያ ስኬት ላይ የመሠረተው ድርጅት ከጊዜ በኋላ ፓራማውንት የሆነው ነው።

የጉልበቷ ሕመም ከቶስካ የመጨረሻ ትዕይንት፣ ከግንቡ ላይ ከምትዘልበት ቦታ ጋር ይያያዛል። ሕመሙ ከዓመት ወደ ዓመት ጸንቶ በየካቲት 1915 ቦርዶ ውስጥ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ። ዕድሜዋ 70 ነበር። ሰው ሠራሽ እግር አልተመቻትም፤ በወንበር ሆና ሰዎች ይሸከሟት ነበር። በዚያ ሁኔታ ጦር ግንባር ሄዳ ለወታደሮች ተጫወተች። በእኛ በ1909 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የደሴው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል በሆኑበት ወር፣ ሳራ በአንድ እግሯ የመጨረሻውን የአሜሪካ ጉዞዋን ጀምራ ነበር፤ በአውሮፓውያኑ እስከ 1918 አገር ቤት አልተመለሰችም። መቀመጫዋ ላይ ሆና ልትጫወታቸው የምትችላቸውን ትዕይንቶች መርጣ ነበር የምትዞረው። በመጋቢት 1923 ስትሞት ቤቷ ውስጥ ፊልም እየተቀረጸች ነበር፤ የሥራው መብራት ወደ እሷ እንዲመጣ ተደረገ እንጂ እሷ ወደ ስቱዲዮ አልሄደችም። ናዚዎች ፓሪስን በያዙ ጊዜ በአይሁዳዊነቷ ምክንያት ስሟ ከቴአትር ቤቷ ግንባር ተፋቀ፤ ዛሬ ያው ቤት ስሟን መልሶ ይዟል።

አሁን ፊልሙን እናያለን። ርዝመቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ በአዳራሽ መካከል የተቀመጠ ተመልካች የሚያየውን ብቻ ያያል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት የቀረበ ፊት አትጠብቁ። ጉልበቷ ያማት ስለነበር ብዙ አትራመድም፤ እጆቿንና ትከሻዋን ተከታተሉ። በመጨረሻው ትዕይንት ንግሥቲቱ የምትወድቅባቸው ትራሶች አስቀድመው ከዙፋኑ ፊት ተከምረው ይታያሉ፤ ትስቁ ይሆናል፤ ሳቁ፤ ግን ከመውደቋ በፊት ቆማ የምትቆይበትን ጊዜ ልብ በሉት። በትዕይንቶቹ መካከል የሚመጡትን ጽሑፎች ሁለት ተማሪዎች በአማርኛ ያነቡልናል። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ መብራቱም ይጥፋ። ጥያቄዎቻችሁን ከፊልሙ በኋላ እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።