የግራው ስፒከር

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ ያቺ ቴፕ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ጓደኛዬ ካሴቱን የምታዞረዋን የጎማ ቀበቶዋን ቀይርልኝ ብሎ የሰጠኝ፣ አዎ ያ «ነገ እወስዳታለሁ» ብሎ ሦስት ወር የጠፋው ሰውዬ።

ቀበቶው አስር ደቂቃ አልፈጀም። እዛ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ካቻቢቴው እጄ ላይ ነው፣ እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ የፊቱን ወንፊት አነሳሁትና... ጠፍጣፋ! የለመድነው ስፒከር ወደ ውስጥ የጎደጎደ ወረቀት ነው አይደል፣ መሀሉ ላይ ያቺ ቆብ ያለችው፤ ይሄ ግን አራት ማዕዘን፣ እንደ ሸክላ ንጣፍ ዝርግ ያለ ነገር። ክዳን መሰለኝ። በጣቴ ነካ ሳረገው ወደ ውስጥ ገባ፣ ለካ የሚንቀሳቀሰው እሱ ራሱ ነው።

በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፋሽን ነበር ይሄ። ሶኒ ኤፒኤም ይለው ነበር፣ እንደ ፒስተን ሳይጣመም ወጣ ገባ እንዲል ነው ሀሳቡ። የኮኑ፣ ማለቴ የዛ የጎደጎደው ወረቀት፣ ጉድጓድ ራሱ ድምፁን ይነካካዋል፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ ያረጋል፣ ስለዚህ ጉድጓዱን አጥፋው። በቃ ቀላል... አይደለም ግን! ቆይ ወረቀት ላምጣ። ይሰማል? ዝርጉን መሀሉን ስገፋው ይለመጣል፣ እንደ ቆሎ መጠቅለያ አሹዬ ስጠቀልለው ደግሞ ጫፉን ብገፋውም እምቢ ይላል። ኮን ኮን የሆነው ለዛ ነው። ዝርጉን ለማጠንከር ደግሞ በሁለት ስስ ሽፋን መሀል የማር እንጀራ የመሰለ አሉሚኒየም ያስገባሉ፣ ኤፒኤም ስምንት የሚባለው ትልቁ የቤት ስፒከር ላይማ የባሱ ስፒከር ብቻ አራት ኮይል፣ ያ የሚገፋው ጥቅልል ሽቦ፣ አለው፣ ዝርጉ ፓነል መታጠፍ ሲጀምር ፀጥ የሚሉት ነጥቦች ላይ ነው የሚገፉት። አራት! በኋላ 1990ዎቹ ላይ ሌሎች መጥተው በተቃራኒው ፓነሉ እንደፈለገ ይታጠፍ አሉ... ተዉት፣ እሱ ሌላ ቀን።

ምን እያልኩ ነበር፣ አዎ፣ የማር እንጀራውን። ውስጡ አለ ወይስ የለም? ይሄ ነው ያሳበደኝ። የግራው ስፒከር ምንም አልሆነም ነበር፣ ይሄን ያዙልኝ፣ ይሠራ ነበር። የምላጭ ጫፍ ጥጉ ላይ አስገባሁ፣ ትንሽ ብቻ፣ አይቼ በኮላ መልሼ ልለጥፈው። ቆዳው ብድግ አለ፣ ጠስ የምትል ድምፅ፣ ከዛ ትንሽ ልጨምር ስል በአንዴ እስከ መሀል ተላጠ። እጄ ላይ ቀረ። እና ውስጡ... ነጭ ፎም። በቃ ፎም።

ሳቄ መጣ መጀመሪያ። ፎምም እኮ ቀላልና ግትር ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ ትንሽ ስፒከር ላይ ምናልባት... አላውቅም። እህቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና «ከዛ ምን አገኘህ?» አለችኝ። ለመጮህ እንኳን አልተቆጣችም፣ ዝም ብላ ነው የጠየቀችኝ፣ እሱ ነው የባሰኝ።

ለጥፌዋለሁ። ባስ ሲመጣ ትንጫጫለች።

ትላንት ጓደኛዬ ደወለላችሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ! ቀበቶው ገባ ወይ አለኝ፣ ገባ አልኩት፣ ውሸት አይደለም። ድምፁስ ሲለኝ የቀኙ አሪፍ ነው አልኩት። የቀኙ? አለ። ከዛ ኔትወርኩ ነው ምናምን ብዬ... ቅዳሜ ይመጣል። ወይ ዛሬ ልደውልለት ይሆን፣ ወይ ደግሞ የቀኙንም...

አይ፣ አይ። አልነካውም።