ሽቦ ቸርኬን ለላቫጆ ልጅ አትተውት

ሰላም አድማጮች። የዛሬው ወሬያችን ስለ ሽቦ ቸርኬ ነው። ያው የድሮ ኤምጂ፣ ትራያምፍና ጃጓር ላይ የምታዩት፣ እንደ ብስክሌት ጎማ በቀጭን ሽቦዎች የተወጠረው፣ መሃሉ በአንድ ትልቅ ባለ ጆሮ ዳዶ የሚታሰረው። እንደ ቮልስ በየሰፈሩ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ያለው ሰው ግን ይዞት ወደ ጎጃም ሲመጣ ማን እንደሚነካለት ይቸገራል። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ለማብረቁ ነው። እኔ ደግሞ የምለው፣ ማጠቡና መፈተሹ አንድ ሥራ ነው፤ ሽቦውን በጣቱ ያላበሰ ሰው የላላውን አያገኘውም።

መጀመሪያ አያያዙን እንይ። ተራ ቸርኬ በአራት ወይም በአምስት ብሎን ሞዞው ላይ፣ ማለትም ጎማውን ይዞ በሚዞረው የመሃል ብረት ላይ፣ ይጣበቃል። ይሄኛው ግን ሞዞው ላይ ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ የቸርኬው መሃልም በውስጥ በኩል ተመሳሳይ ጥርስ አለው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ሲገፋም ፍሬን ሲያዝም ጉልበቱን የሚሸከመው ይህ ጥርስ ነው። ዳዶው ሥራው ቸርኬውን ከኋላና ከፊት ባሉ ሁለት ሾጣጣ ማረፊያዎች መካከል አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው። ማረፊያዎቹ ላይ ጭቃ፣ ዝገት ወይም ወፍራም ቀለም ካለ ዳዶው የጠበቀ ይመስልና ትንሽ እንደተነዳ ይላላል። ቸርኬ የሚያስቀቡ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቀለም ጥርሱም ሾጣጣውም ላይ መድረስ የለበትም።

አሁን ግራና ቀኝ። የእነዚህ የእንግሊዝ መኪኖች የግራ ጎን፣ ማለትም እኛ ጋ የሾፌሩ ጎን፣ ዳዶ ቪቴው፣ ማለትም የሚጠመዘዝበት መስመር፣ እንደማንኛውም ዳዶ ነው። የቀኙ ግን ግልባጭ ነው። ግራ የገባው ሰው ይህን ይያዝ፦ መኪናው ወደፊት ሲሄድ ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ሲመታ ዳዶው ይፈታል፣ በተቃራኒው ሲመታ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ላይ ቀስትም ተቀርጾባቸዋል። ሞዞዎቹ ተገልብጠው ከተገጠሙ፣ የግራው ቀኝ የቀኙ ግራ ከሆነ፣ ጎማው እየተነዳ ዳዶውን ራሱ ይፈታዋል። አሮጌ መኪና ገዝታችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ሳትነኩ ይህን እዩ። ከዚህ በፊት ማን እንደፈታው አይታወቅማ!

ወደ ገጠማው እንግባ። መኪናው በክሪክ ይነሳል፤ በክሪክ ብቻ ግን አይተው፣ ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ይግባ። ቸርኬው ከወጣ በኋላ የሞዞውን ጥርስ በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱና ወደ ብርሃን ዙሩ። ደህና ጥርስ ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ጫፉ እንደ መጋዝ ከሾለ አልቋል። ጥርሱ መሃል ቡናማ ቀይ ዱቄት ካገኛችሁ ደግሞ ግሪስ ጠፍቶ ብረት ከብረት ሲፋጭ ቆይቷል ማለት ነው። ሳትፈቱም መፈተሽ ይቻላል። ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይዞ፣ እናንተ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙት። ሞዞው ቆሞ ቸርኬው ብቻውን ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጥርሱ ተበልቷል። በመንገድ ላይም ማርሽ ወደኋላ አስገብታችሁ ስትነሱ ‹ቋ› የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ ልብ በሉ፣ ድምፁ ከክሮቼራም፣ ማለትም ከማስተላለፊያ ዘንጉ መጋጠሚያ፣ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ሳትወዘውዙ አትፍረዱ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በተበላ ሞዞ ላይ አዲስ ቸርኬ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ አሮጌው ጥርስ አዲሱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።

ጥርሱ ደህና ከሆነ ሙቀት የሚችል ግሪስ በስሱ ይቀባል። ለአንድ ሞዞ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሾጣጣ ማረፊያዎቹና ቪቴውም ትንሽ ትንሽ ይነካካሉ። ግሪስ በበዛ ቁጥር ጥሩ አይደለም፤ ጎማው ሲሽከረከር ይወረውረዋል፣ ሽቦው ላይ አቧራ ያጣብቃል፣ ሲብስም ፍሬን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቸርኬው ሳይገፋ በቀስታ ይገባል፣ ዳዶው በእጅ እስከ መጨረሻ ይዞራል። መዶሻው የመዳብ ወይም የእርሳስ ይሁን። የብረት መዶሻ ጆሮውን ይሰብረዋል፣ ያበላሸዋል። የጆሮውን ጫፍ ነው የምትመቱት፤ የሳተ ምት ሽቦ ላይ ያርፋል። ጎማው በአየር ላይ እያለ መሃሉን እስኪያገኝ ምቱ፣ ከዚያ አውርዱትና ዳዶው አልነቃነቅ እስኪል ድገሙ። የተወሰነ መንገድ ሄዳችሁ ቁሙና እንደገና ሞክሩት፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መዞሩ ያለ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜም ከዞረ ግን ማረፊያው ቆሽሿል ወይም ተበልቷል፣ ፍቱት።

ሽቦዎቹ ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ኤምጂቢ በአንድ ቸርኬ 60፣ ጃጓር ኢ ታይፕ 72 ሽቦ አለው። ቸርኬው ላይ በዙር እየሄዳችሁ እያንዳንዱን በትንሽ ቁልፍ መታ አድርጉት። የተወጠረው እንደ ክራር ጅማት ይጮኻል፣ የላላው ድፍን ድምፅ አለው። ረጅሙንና አጭሩን ሽቦ አታወዳድሩ፤ ድምፃቸው ቀድሞውኑ ይለያያል፣ የአንዱን ረድፍ ከራሱ ረድፍ ጋር ነው። ኒፕሉ፣ ማለትም የሽቦውን ጫፍ የሚይዘው ትንሽ ዳዶ፣ ሥሩ የዝገት መስመር የወረደበት ሽቦም እየተንቀሳቀሰ ነው። ማጥበቅ ካስፈለገ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እንጂ አንዱን ብቻ ይዞ ማዞር ቸርኬውን ያጣምመዋል። ባሕር ዳር ብስክሌት የሚጠግኑ ልጆች ይህን ሥራ ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል፤ መርሁ አንድ ነው፣ ጉልበቱ ነው የሚለየው። የዛገ ኒፕል ሽቦውን አብሮ ይጠመዝዘዋል፤ ቀድማችሁ ዘይት አጠጡትና ሽቦው ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተጣመመ ኒፕሉ ሳይሆን ሽቦው ነው የዞረው። ከጠርዙ አጠገብ የመጻፊያ እርሳስ አስደግፋችሁ ጎማውን ስታዞሩ ወደ ጎንም ወደ ላይም ያለው መወላገድ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ብዙ ማጥበቅ ካለ ጎማው ከቸርኬው ይውጣ፤ የሽቦው ጫፍ በውስጥ ወጥቶ ካላማዳሪውን ይወጋል።

ካላማዳሪ ካልኩ አይቀር፣ ኒፕል የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አየር ስለሚያስወጡ እነዚህ ቸርኬዎች ያለ ካላማዳሪ አይሠሩም። ጎሚስታው ‹ቱቦለስ ይሻላል› ቢላችሁ አትስሙት። በካላማዳሪውና በኒፕሎቹ መሃል የጎማ መቀነት መኖሩን ቆማችሁ እዩ፤ አብዛኛው ቀዳዳ የሚመጣው እሱ ሲጠፋ ነው።

እጥበቱ። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ጥቁር አፈር፣ ወደ ቡሬና እንጅባራ ስትጠጉ ቀይ ጭቃ። ሁለቱም ቸርኬው ውስጥ ገብተው ይደርቃሉ። በአንድ በኩል የደረቀ እፍኝ ጭቃ መሪውን ለማንቀጥቀጥ ይበቃል፤ ሰውዬው ባላንስ ያሠራል፣ ጭቃው በማግስቱ ይረግፋል፣ መሪው እንደገና ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ባላንስ ከመሠራቱ በፊት ጀርባው ይታጠብ። ከጀርባ ጀምሩ፣ ፊቱ መጨረሻ ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ የጠርሙስ ብሩሽ። ሽቦዎቹ በሚጠላለፉበት ቦታ ብሩሽ አይደርስም፤ እዚያ ረዘም ያለ ጨርቅ ሽቦው ሥር አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ጫማ እንደምትወለውሉ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። የላቫጆ ግፊት ውኃ በቅርብ ሞዞው ላይ መተኮስ ግን ግሪሱን ያወጣል፣ ኩሽኔታ ውስጥም ውኃ ያስገባል።

የአባይን በረሃ ቁልቁለት ወርዳችሁ እንደጨረሳችሁ ደግሞ ወዲያው አታጥቡ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ግሏል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሊያጣምመው ይችላል። ሻይ ጠጡ፣ ይቀዝቅዝ።

አሲድ ያለበት ማጽጃ ክሮምን ያበላሻል፣ የተወጠረ ሽቦንም ሊያሰብር ይችላል፤ ‹ዝገት በአንዴ ይነቅላል› የተባለ ነገር ሁሉ አይነካ። ክሮም ላይ ያለ ቀላል ዝገት በተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይልና በውኃ ይለቃል። ከታጠበ በኋላ ጥቂት መንዳት በኒፕሎቹ ሥር የቀረውን ውኃ ያወጣል፣ ከዚያ ሰም መቀባት ይቻላል። ዘይት መርጨት አልወድም፤ ሁለት ቀን ያበራና አቧራ ይሰበስባል።

ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ከወጣም በኋላ አንድ ጊዜ አራቱም ይፈቱ። አምስተኛውም፣ ትርፍ ጎማው፣ አብሮ ይታይ፤ ጥርሱ ደርቆ ስለሚዝግ በችግር ሰዓት ሞዞው ላይ አልገባም ይላል። መዶሻውም ከመኪናው አይውረድ፤ ቡሬ ላይ ጎማ ቢፈነዳ የማንም ሾፌር ቁልፍ ያንን ዳዶ አይፈታውም።