ሞላዋ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ድምፄ ትንሽ ጎርነን ካለባችሁ ይቅርታ፤ አሁን ነው ከጋራዥ የገባሁት። ሚኒሶታ፣ ኖቬምበር። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤያለሁ። በዕቃ ሳሙና፣ ከዚያ በስኳር፣ ከዚያ በሎሚ። ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር ግን ንቅንቅ አላለም። ሰኞ ሥራ ቦታ ምን እንደምላቸው እንጃ።

ዛሬ የኤቲቪዬን ዘይትና ፊልትሮ ራሴ ቀየርኩ። ኤቲቪ ማለት ያ ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው፤ እንደ ፈረስ ተፈናጠው የሚነዱት። ለመዝናናት አይደለም የገዛሁት። ቤታችን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ከመንገድ እስከ በር ያለው መግቢያ አያልቅም። የመጀመሪያውን ክረምት በረዶውን በአካፋ ዛቅኩ። ወገቤ ተቆረጠ። በሁለተኛው ዓመት ያገለገለ ሆንዳ ራንቸር ገዛሁ፤ ፊቱ ላይ በረዶ መግፊያ ብረት የተገጠመለት።

በነገራችን ላይ፣ ሆንዳም ይህን ነገር የጀመረው ክረምት አስቸግሮት ነው። አሜሪካ ውስጥ በብርድ ወራት ሞተር ሳይክል የሚገዛ ስለሚጠፋ፣ ነጋዴዎቹ በክረምትም የሚሸጥ ነገር ፈለጉ። በፈረንጆቹ 1970 መጣላቸው፤ ያውም ባለ ሦስት ጎማ። እንደ ባጃጅ። ብዙ ሰው ከተጎዳበት በኋላ በ1988 አዲስ ባለ ሦስት ጎማ መሸጥ ቆመ። አራተኛዋን ጎማ የጨመረ ይባረክ።

ወደ ራሴ ልመለስ። እኔ የሶማሌ ተራ ልጅ ነኝ። የመርካቶውን ሶማሌ ተራ ማለቴ ነው፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን። አባባ እዚያ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከባንኮኒው ጀርባ እቆማለሁ። መካኒክ ይመጣል፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። «ያን ሞላ አምጪልኝ»፣ «የኮሮላ ፊልትሮ አለ?»፣ «ጓርኒሲዮኑንስ?» ይለኛል። ሳላይ እጄን ሰድጄ አወጣለታለሁ። የትኛው ሮንዴላ፣ ያ ከብሎን ሥር የሚገባው ቀለበት፣ በየትኛው ቆርቆሮ እንዳለ አውቃለሁ። ዋጋውንም አውቃለሁ። ብሎን ፈትቼ ግን አላውቅም። አንድ ቀን ካቻቢቴ ሳነሳ አባባ አይተው «ተይ፣ እጅሽ ይቆሽሻል» አሉኝ። አስቀመጥኩት። እስከ አርባ አንድ ዓመቴ ድረስ እንዳስቀመጥኩት ነበር ማለት ይቻላል።

አምና ሞተሩን ሰርቪስ አስደርጌ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። የከፈልኩት ከመቶ ዶላር በላይ ነው። ዘንድሮ ለዘይቱና ለፊልትሮው ያወጣሁት ከአርባ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ከሁሉ በፊት ልሳሳት የነበረው ዘይቱ ላይ ነው። ከቶዮታዬ የተረፈ ዘይት መደርደሪያ ላይ አለ። ዘይት ዘይት ነው ብዬ ላንቆረቁረው ስል ባለቤቴ «ጀርባውን አንብቢ» አለኝ። አንዳንዴ ልክ ነው። ራንቸር ላይ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም የሚታጠቡት በአንድ ዘይት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የሚሸጠው የመኪና ዘይት ደግሞ የሚያሟልጭ ነገር ይጨመርበታል። የፍሪሲዮን ሥራው ሞተሩንና ካምቢዮውን አያይዞ መያዝ ነው፤ ከሟለጨ ምን ዋጋ አለው? ለሞተር ሳይክል የሚሆነው ጠርሙስ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ጽሑፍ አለ። ሄጄ እሱን ገዛሁ፣ ውፍረቱ 10 ደብልዩ 30።

ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሳሁት፤ ዘይቱ ሞቅ ሲል ይቀጥናል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታሁ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ዘይቱ ቀጥ ብሎ እንደማይወርድ ነው። ፊት ለፊት ተወንጭፎ መጣ። ግማሹ ትሪው ውስጥ፣ ግማሹ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ትሪው ደግሞ ተርኪ የሚጠበስበት ያ ስስ የአሉሚኒየም ትሪ ነው። ሞልቶ ስታነሱት መሃሉ እጥፍ ይላል። በቃ፣ አትጠቀሙበት።

ቀጥሎ ፊልትሮው። ጎን ላይ ክብ ክዳን አለ፤ ሦስት ብሎን። ከፈትኩት። የዚህ ሞተር ፊልትሮ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ የሚጠመዘዘው ዓይነት አይደለም፤ ወረቀቱ ብቻ ነው፣ ቤት ውስጥ እንደሚገባ። መጀመሪያ ሞላዋ፣ ያቺ የተጠቀለለችው ሽቦ፣ ትገባለች፣ ከዚያ ፊልትሮው። አንዱ ፊቱ ላይ በእንግሊዝኛ «የውጭ ወገን» ተብሎ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ወደ እናንተ መዞር አለበት።

እኔ ስከፍት ጽሑፉ የለም። አወጣሁት፣ ገለበጥኩት። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር።

ዓመት ሙሉ! ሞተር ሊበላ የሚችል ነገር ነው። ደሜ ፈላ። በዚያው በዘይት እጄ ስልኬን አወጣሁና ለዚያ ጋራዥ አንድ ኮከብ ሰጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። «ማንበብ የማይችል ሰው ነው ወይ የምትቀጥሩት?» ምናምን። ፎቶም አነሳሁ። አልላክሁትም፣ መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ አልኩ።

አዲሱን ፊልትሮ አስገባሁ። ጽሑፉን ወደ ውጭ፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጬ። አዲሷን የጎማ ቀለበት ዘይት ቀብቼ ክዳኑ ላይ አስተኛኋት። ሦስቱን ብሎኖች አሰርኩ። ኩራቴን ብታዩት! እጄን ልጠርግ ጨርቁን ሳነሳ አንድ ነገር ኪል ብሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

ሞላዋ ናት።

እጄ ላይ ይዣት ቆምኩ። ይህችን ነገር በልጅነቴ ስንት ሺህ ጊዜ ቆጥሬ ሸጫለሁ። ስሟን አውቃለሁ፣ ቆርቆሮዋን አውቃለሁ። የሰው ስህተት ላይ ዓይኔን ተክዬ የራሴን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ። ብሎኖቹን እንደገና ፈታሁ። ያንን ጽሑፍም አጠፋሁት። ያ ልጅ ምናልባት ያን ቀን አሥረኛ ሞተሩ ነበር። የኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ ያውም ቅዳሜ፣ ያውም ሻይ እየጠጣሁ።

ዘይት ስትለኩ መለኪያዋን ዘንግ ጠርጋችሁ ዝም ብላችሁ አግቧት፣ አትጠምዝዟት። ሆንዳ ላይ እንደዚያ ነው። ከጠመዘዛችኋት ያልሞላውን የሞላ ታስመስላለች።

አሮጌውን ዘይት በጠርሙስ መልሼዋለሁ። እዚህ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቆች በነፃ ይቀበላሉ። አገር ቤት ቢሆን የሚጣል አልነበረም፤ የተቃጠለ ዘይት አጥር ላይ፣ ቋሚ እንጨት ላይ ይቀባል፣ ምስጥ እንዳይበላው።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አባባ ጋ ደወልኩ። እዚያ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነጠላቸውን እየፈለጉ ነበር። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እጅሽ ቆሸሸ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«የማፍሰሻዋን ሮንዴላ ቀየርሽ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«አሮጌዋን መለስሻት?»

«መለስኳት፣ አባባ።»

«አንዴ ተጨፍልቃለች እኮ። ታንጠባጥባለች።» ሳቁ። ከዚያ «ካርቶን ከሥር አንጥፊ፣ ነገ ይታያል» ብለው ዘጉት።

አንጥፌያለሁ። ይህን ቀድቼ እንደጨረስኩ ባትሪ ይዤ ወርጄ አየዋለሁ። ደህና እደሩ።