ከዓይን ዛራ እስከ ሰው አልባ ጦርነት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ክቡራንና ክቡራት፤

ስለ ወደፊቱ ጦርነት እንድናገር ጋብዛችሁኛል፤ እኔ ግን ንግግሬን ከ1911 እጀምራለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 1 ቀን ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ የኢጣሊያ መኮንን በትሪፖሊ አቅራቢያ ባለችው በዓይን ዛራ ላይ እየበረረ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝኑ ቦምቦችን በእጁ ወደ ታች ወረወረ። በጦርነት ላይ ከአውሮፕላን ቦምብ ሲጣል ያ የመጀመሪያው ነበር፤ የወደቀውም በአፍሪካ መሬት ላይ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው አካባቢ ሌላ ነገር ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የሊቢያ ጉዳይ የባለሙያዎች ቡድን በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከትሪፖሊ ግንባር ሲያፈገፍጉ በነበሩ ወታደሮች ላይ ካርጉ-2 የተባለ ቱርክ ሠራሽ ድሮን ጥቅም ላይ መዋሉን ጻፈ። መሣሪያው ከአንቀሳቃሹ ጋር ግንኙነት ሳያስፈልገው ዒላማውን እንዲያጠቃ ሆኖ የተዘጋጀ እንደነበረም ሪፖርቱ ይገልጻል። በዚያ ጥቃት ሰው ስለመሞቱ በግልጽ አልተጻፈም፤ ድሮኑ በእርግጥ ያለ ሰው ትእዛዝ ስለመምታቱም ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ክርክሩ ግን የተነሣው በእኛው አህጉር፣ ጋቮቲ ቦምቡን ከወረወረባት ከተማ ዳርቻ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። ከሩቅ የመግደል ዋጋ በፍጥነት እየረከሰ ነው፤ በዚያው ልክ ‘ይህን ሰው እኔ ገደልሁ’ ብሎ ኃላፊነት የሚወስደው ሰው ከቦታው እየራቀ ነው። ይህን የሚገታ ሕግ ደግሞ ገና በመጻፍ ላይ ነው። ከሰማይ የሚመጣ መከራን ቀድመን የቀመስን ሕዝቦች፣ ጽሑፉ ሳይዘጋ ቃላችንን ማስገባት አለብን።

በቅድሚያ ዋጋውን እንመልከት። በ2020 በናጎርኖ ካራባክ በተካሄደው የ44 ቀን ጦርነት አዘርባጃን በቱርክና በእስራኤል ሥሪት ድሮኖች የአርመን ወገን ታንኮችንና አየር መቃወሚያዎችን አንድ በአንድ ስትለቅም፣ ‘የታንክ ዘመን አከተመ’ ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ነገሩ በችኮላ የተነገረ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ዋናው ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በካራባክ የዋለው ባይራክታር የተባለው የቱርክ ድሮን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ፣ መንግሥት ካልሆነ የማይገዛው አውሮፕላን ነው። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን በሙሉ ኃይሏ ከወረረች በኋላ ግንባሩን የሞላው ግን ለውድድርና ለመዝናኛ ይሠራ የነበረው ትንሽ ድሮን ነው። ወታደሩ መነጽር አጥልቆ ድሮኑ የሚያየውን እያየ ይነዳዋል፤ ፈንጂ ታስሮበት ከዒላማው ጋር አብሮ ይጠፋል። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ የሚያቃጥለው ታንክ ሚሊዮኖች የወጡበት ነው። የዩክሬን ፕሬዚዳንት በ2023 መጨረሻ ሀገራቸው በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሚሊዮን ድሮኖችን እንደምታመርት ሲያስታውቁ ቁጥሩ የማይታመን መስሎ ነበር፤ ዛሬ ማንንም አያስደንቅም።

የዚህ ርካሽነት ውጤት በምድር ላይ ምን እንደሚመስል ጥቂት ቆም ብለን እንየው። ድሮ ግንባር ማለት መስመር ነበር፤ ከመስመሩ ጀርባ ደጀን አለ፤ በደጀን ስንቅ ይጫናል፣ ቁስለኛ ይታከማል፣ ወታደር ጫማውን አውልቆ ያርፋል። ዛሬ በምሥራቅ ዩክሬን ከመስመሩ በሁለቱም ወገን አሥርና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ድረስ በቀን ብርሃን የሚንቀሳቀስ መኪና በሕይወት የመውጣቱ ነገር አጠራጣሪ ነው። ውኃና ጥይት በእግር ወይም በድሮን ይደርሳል። በዋና ዋና መንገዶች ላይ መረብ ተዘርግቷል፤ ከመረቡም ከፊሉ የአውሮፓ ዓሣ አጥማጆች የለገሱት አሮጌ የዓሣ መረብ ነው። በዚህ ጦርነት እጅግ የሚያሳዝነኝ የቁስለኛው ዕጣ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት የጦር ሜዳ ሕክምና የተሻሻለው ቁስለኛ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሐኪም ዘንድ እንዲደርስ በመደረጉ ነበር፤ አሁን አምቡላንሱም ራሱ ዒላማ ስለሆነ እግሩን የተመታ ወጣት ደሙን በማሰሪያ አስሮ ጨለማን፣ አንዳንዴም ቀናትን ይጠብቃል። ቀላል ቁስል እግር ያስቆርጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነጥብ ብዙ ጊዜ ተለይቶ አይነገርም። ድሮንን ለማስቆም ሁለቱም ወገኖች የሬዲዮ ሞገዱን ያፍናሉ፤ ሞገዱ ሲታፈን ድሮኑ ነጂውን ያጣና ይወድቃል። ለዚህ ሁለት መልስ ተገኘ። የመጀመሪያው ድሮኑ ከኋላው ቀጭን የኦፕቲክ ፋይበር ገመድ እየተረተረ እንዲበር ማድረግ ነው፤ በውጊያ ቀጣናዎች ሜዳውና ዛፉ ዛሬ በዚህ ክር ተሸፍኗል። ሁለተኛው መልስ ግን ከባድ ነው፤ ይኸውም ግንኙነቱ ቢቋረጥም ድሮኑ የመጨረሻዋን መንገድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመርቶ ራሱ እንዲጨርሳት ማድረግ ነው። ልብ በሉ፤ በዚህ መንገድ ሰውን ከውሳኔው ለማስወጣት ስብሰባ የጠራ፣ ሕግ ያወጣ ማንም የለም። አንድ መሐንዲስ የታፈነ ሞገድን ችግር ለመፍታት ሲጥር ነገሩ ደረጃ በደረጃ እየመጣ ነው። ዛሬ ማሽኑ የሚጨርሰው ሰው የመረጠለትን ዒላማ ነው፤ ነገ ዒላማውን ራሱ እንዳይመርጥ የሚከለክለው የቴክኒክ ግድግዳ ስስ ነው።

ርቀትም እንደ ዋጋው ትርጉሙን እያጣ ነው። በጁን 1 ቀን 2025 ዩክሬን በጭነት መኪኖች ደብቃ ወደ ሩሲያ ውስጥ ባስገባቻቸው ድሮኖች ከግንባሩ እጅግ የራቁ የጦር አየር ማረፊያዎችን መታች፤ በራሷ መግለጫ መሠረት የድሮኖቹ ቁጥር 117 ነበር፤ ከተመቱት አንዱ በሳይቤሪያ በኢርኩትስክ ግዛት ይገኛል። ሩሲያም በበኩሏ የኢራን ንድፍ የሆኑ ሻሄድ ድሮኖችን በየሌሊቱ ወደ ዩክሬን ከተሞች ትልካለች፤ የመብራት ኃይል ጣቢያዎች በክረምት ይመታሉ፤ በዘጠነኛ ፎቅ ያለች አሮጊት ያለ ማሞቂያ ታድራለች።

ይህ ሁሉ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በየመን ያሉት የሁቲ ኃይሎች በቀይ ባሕር የንግድ መርከቦችን በሚሳኤልና በድሮን መምታት ሲጀምሩ፣ ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድን መረጡ፤ በስዊዝ ቦይ የሚያልፈው መርከብ ከግማሽ በታች ወረደ። እያንዳንዳቸው በሺዎች በሚገመት ዶላር የተሠሩ ድሮኖችን ለማውረድ የምዕራባውያን የጦር መርከቦች በሚሊዮን የሚገመት ሚሳኤል ይተኩሱ ነበር። በማርች 2024 የሰመጠችው ሩቢማር የተባለች መርከብ የጫነችው ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር። ገቢ ዕቃዋን አብዛኛውን በጅቡቲ በኩል ለምታስገባ፣ ገበሬዋ በየዓመቱ ማዳበሪያ ለሚጠብቅ ሀገር፣ ይህ የጦር ሜዳ ዜና ብቻ ሆኖ አያልፍም። በጎረቤታችን በሱዳንም በሜይ 2025 ለሁለት ዓመታት ከውጊያ ርቃ የቆየችው ፖርት ሱዳን በድሮን ተመትታ የነዳጅ ማከማቻዋ ሲቃጠል፣ ወደዚያ የሸሹት ተፈናቃዮች መሸሻ አጡ።

በራሳችንም ምድር ደርሷል፤ ይህን ዘልዬ ባልፍ እናንተን መዋሸት ይሆንብኛል። በጃንዋሪ 2022 በትግራይ ደደቢት በተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በተፈጸመው የአየር ጥቃት ከ50 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ አስታውቋል። ከዚያ ወዲህም በአማራና በኦሮሚያ በድሮን ጥቃት ሲቪል ሰዎች መሞታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍትም። የምጠይቀው ግን ይህን ነው፤ ልጇን ያጣች እናት ‘ማን አዘዘ? ምን አይቶ አዘዘ?’ ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት ሰው አለን? ዛሬ፣ ገና ሰው ቁልፉን በሚጫንበት ጊዜ፣ መልስ ካላገኘች፣ ማሽኑ ራሱ በሚመርጥበት ጊዜ ከማን ታገኛለች?

ሕግ ብቻውን እንደማያድን ከማንም በላይ እኛ እናውቃለን። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተፈረመው በ1925 ነው፤ ኢጣሊያም በ1928 አጽድቃዋለች። ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ ግን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢና በሌሎች ግንባሮች በሠራዊታችን፣ በገበሬውና በከብቱ ላይ ያንኑ መርዝ ጣሉ፤ በኋላም እንደ ዝናብ ረጩት። የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው የሕክምና ሰፈሮች ተመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አውሮፕላን ላይ የተገጠመውን መርጫ በዝርዝር ሲያስረዱ፣ አዳራሹ ሰማ፤ ማዕቀቡም ብዙ ሳይቆይ ተነሣ። ከዚህ ታሪክ አንዳንዶች ‘ሕግ ከንቱ ነው’ የሚል ትምህርት ይወስዳሉ፤ እኔ አልወስድም። ያ ፕሮቶኮል ባይኖር ኖሮ የተፈጸመብን ነገር ስም አይኖረውም ነበር፤ ኢጣሊያም ለብዙ አሥርት ዓመታት ስትክደው የኖረችውን አምና ለመቀበል የምትገደድበት ምክንያት ባልኖረ ነበር።

ራሳቸውን ችለው ስለሚመቱ የጦር መሣሪያዎች በጄኔቫ ውይይት ከተጀመረ ከ2014 ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። በዲሴምበር 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጉዳዩ ወደፊት እንዲራመድ በ166 ድምፅ ድጋፍ፣ በ3 ተቃውሞና በ15 ድምፀ ተአቅቦ ወስኗል። ዋና ጸሐፊው አስገዳጅ ስምምነት እንዲጠናቀቅ የጠየቁት እስከ 2026 ድረስ ነው። የጄኔቫው ውይይት የሚካሄደው በሙሉ ስምምነት በመሆኑ አንድ ኃያል ሀገር ሊያቆመው ይችላል፤ በዚህ ላይ ተስፋዬ መጠነኛ መሆኑን አልደብቅም።

ስምምነቱ እስኪመጣ ግን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም። ኢትዮጵያ በ1994 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች የ1977ቱ አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 36 ላይ፣ አዲስ የጦር መሣሪያ የሚሠራ፣ የሚያለማ ወይም ገዝቶ የሚታጠቅ መንግሥት መሣሪያው ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር መስማማቱን አስቀድሞ እንዲመረምር ያስገድዳል። ግዴታው ገዢውንም ይጨምራል። ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጋር አብረው ተቀምጠው፣ አንድ ድሮን እንጨት ተሸካሚን ከጠመንጃ ተሸካሚ፣ እረኛን ከታጣቂ እንዴት እንደሚለይ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሳሳት መጠየቅን የሚማሩበት ጊዜ አሁን ነው። እንዲህ ያለ ምርመራ የሚያደርጉ ባለሙያዎች ከሌላ ቦታ አይመጡልንም።

አንድ ሥራ ደግሞ ለቋንቋ ተማሪዎች አለኝ። በድርድሩ መካከል ያለው ሐረግ በአማርኛ ‘ትርጉም ያለው የሰው ቁጥጥር’ ተብሎ ሲተረጎም አይቻለሁ። በአማርኛችን ግን ቁጥጥር ሥራው ከተሠራ በኋላ የሚመረምረውንም፣ ሥራውን ራሱ በእጁ ይዞ የሚመራውንም ይመለከታል፤ በጄኔቫ የሚያከራክረውም ልክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ማሽኑ ከመታ በኋላ ዘገባ የሚያነብ ሰው በቂ ነው ወይስ ከመምታቱ በፊት ‘አይሆንም’ ሊል የሚችል ሰው ያስፈልጋል? የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተለያየ በመሆኑ ወደ ዓድዋ የዘመተች ሀገር ልጆች ነን። እኔ ለጊዜው ‘ውሳኔው በሰው እጅ መሆን’ የሚለውን እየተጠቀምሁ ነው፤ የተሻለ ቃል ያለው ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ እንዲነግረኝ እለምናለሁ።

አመሰግናለሁ።