የመኖ ጎተራ አውቶማቲክ በር፦ ከባዱ መዝጋቱ ነው

[ምስል፦ የጎተራ አፍ ከታች። ጠፍጣፋ ላሜራ ወደ ጎን ስትሳብ መኖ ይወርዳል።]

ከመኖ ጎተራ ሥር አንዲት ላሜራ አለች። ስትሳብ መኖው ይወርዳል፣ ስትገፋ ይቆማል። ሞተር ገጥሞ በሰዓት ማሠራት ቀላል ይመስላል። መክፈቱስ እሺ፣ ሞተሩ በቂ ጉልበት ካለው ይከፍታል። ጣጣው መዝጋቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

[ምስል፦ በሩ በጎን ተቆርጦ ሲታይ።]

በሩ እየተዘጋ ነው እንበል። የላሜራዋ ጫፍ ከፊቷ ያለውን መኖ እየገፋች ወደ ማዶ ትሄዳለች። ብዙ ሰው ማዶ ላይ ጫፏ የምትገባበት ስርጓዳ ይሠራል፤ ጥርቅም ብሎ እንዲዘጋ። ግን መኖው ቀድሟት እዚያ ይገባል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጠቀጠቃል። ሞላሰስ ካለበት ወይም እርጥበት ከነካው ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። በሩ ሊዘጋ ሁለት ሴንቲሜትር ሲቀረው ይቆማል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ መኖው መፍሰሱን ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ሞተር መግዛት አያዋጣም፤ ይበልጥ ጠቅጥቆ ላሜራዋ የምትንሸራተትበትን ሀዲድ ያጣምማል። ስርጓዳውን ማስቀረት ነው የሚሻለው። ከማዶ በኩል የተገፋው መኖ ወደ ታች የሚወድቅበት ክፍተት ይተው። ላሜራዋ የቀዳዳውን ጠርዝ አልፋ ጥቂት ሴንቲሜትር ትሂድ። ጫፏ በሰያፍ ከተሞረደ ደግሞ መኖውን ትሰነጥቀዋለች እንጂ አትጠቀጥቀውም። የጎን ሀዲዶቹም እንደዚሁ ከሥር ክፍት ቢሆኑ ዱቄት አይጠራቀምባቸውም።

[ምስል፦ ጎተራው ውስጥ የክብደት ቀስቶች ወደ ግድግዳው ሲያዘነብሉ።]

አሁን ወደ ጉልበቱ። መኖ እንደ ውኃ አይደለም። ውኃ ከፍ ባለ ቁጥር ከታች ያለው ግፊት እኩል ይጨምራል። መኖ ግን ግድግዳውን ይደገፋል፤ ከፊሉን ክብደት ግድግዳው ይሸከማል። ይህን ጃንሰን የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1895 በቀመር አስቀምጦታል።

ምሳሌ እንውሰድ። ቀዳዳው 30 በ30 ሴንቲሜትር ነው። የመኖው ክብደት በሜትር ኩብ 600 ኪሎ ነው። በሩ ላይ በእውነት የሚያርፈው የ1.5 ሜትር ከፍታ መኖ ያህል ነው ብንል፣ 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ላሜራዋ ከላይ ከመኖው ጋር፣ ከታች ከሀዲዱ ጋር ትፋተጋለች። ሁለቱ ሰበቃዎች ተደምረው የክብደቱን 0.8 ያህል ከሆኑ፣ ለመሳብ ወደ 65 ኪሎ ጉልበት ያስፈልጋል። እሱን እጥፍ አድርጉት። አንድ ኪሎ ጉልበት ወደ 10 ኒውተን ስለሆነ፣ 1500 ኒውተን የሚገፋ ሊኒየር አክቹዌተር (ዘንጉን በቀጥታ የሚገፋና የሚስብ ሞተር) ይበቃል ማለት ነው።

እጥፉን ለይስሙላ አላልኩም። ባዶ ጎተራ በሩ ተዘግቶ ሲሞላ፣ የመጀመሪያው አከፋፈት ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይከብዳል። መኖው አንዴ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ግን ጫናው ይቀንሳል።

በአየር የሚሠራ ሲሊንደርስ? ፈጣን ነው፣ በቅጽበት ይዘጋል። ነገር ግን ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፣ አየሩም ደረቅ መሆን አለበት። ኮምፕሬሰር ከሌላችሁ እኔ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን እመርጣለሁ፤ ብዙዎቹ ዘንጋቸውን የሚገፉት በሚሽከረከር ብሎን ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ባሉበት ይቆማሉ። ይህ ግን ጉድም አለው። በሩ ክፍት ሳለ መብራት ከጠፋ፣ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መዝጊያ የሚሆን ባትሪ፣ ወይም አክቹዌተሩን ፈትቶ በእጅ ለመግፋት የሚያስችል ፒን ይኑረው።

[ምስል፦ ሁለት ቀዳዳዎች፣ ጠባብና ሰፊ፣ ጎን ለጎን ሲያፈሱ።]

ስለ መጠን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ጎተራው ሙሉም ይሁን ግማሽ፣ መኖው የሚወርድበት ፍጥነት ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሰዓት ቆጣሪ ብቻ መመጠን ያስኬዳል። ፍጥነቱን የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ነው፣ እሱም በእኩል አይሄድም፦ የክብ ቀዳዳ ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በርን በግማሽ ከፍቶ ግማሽ መኖ መጠበቅ አይሠራም። የመኖው ዓይነት ወይም እርጥበቱ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ እንደ አዲስ መዝኖ ሰዓቱን ማስተካከል ነው።

ሚዛን ካላችሁ ይበልጥ ጥሩ። ግን ሚዛኑ የተፈለገውን ሲያሳይ በር መዝጋት ከጀመራችሁ ያልፋል፤ በአየር ላይ ያለው መኖ ገና አልተመዘነም፣ በሩም ለመዘጋት ሰከንዶች ይፈጃል። ቀድማችሁ ዝጉ። በመጀመሪያ ሰፋ አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ ጠበብ አድርጎ ማውረድም ይረዳል።

[ምስል፦ ሴንሰሮቹ በሁለቱ ጫፎች።]

በሩ መከፈቱንና መዘጋቱን የሚለይ ሴንሰር በሁለቱ ጫፎች ያስፈልጋል። በብርሃን የሚሠራውን አቧራ ስለሚያሳውረው፣ ብረት የሚለየው ይሻላል። መቆጣጠሪያው «ዝጋ» ካለ በኋላ «ተዘግቷል» የሚል ምልክት በጊዜው ካልመጣ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ደወል ያሰማ። ደጋግሞ እንዲሞክር አታድርጉት።

መኖው ድልድይ ሠርቶ አልወርድም ሲል ነዛሪ ሞተር ይረዳል። በሩ ክፍት ሲሆን ብቻ ይሥራ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ማንዘር መኖውን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

እጅ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ በወንፊት ብረት ይከለል፤ 1500 ኒውተን ጣት ይቆርጣል። የተጣበቀ መኖ ለማውጣት እጅ ከመግባቱ በፊትም ማብሪያ ማጥፊያው ይጥፋ፣ ቁልፍም ይደረግበት። ሰዓት ቆጣሪው ማን እዚያ እንዳለ አያውቅም።