ገመዱን የፈታው ማነው?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ውሻው ከጮኸ ይቅርታ፣ ያው ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ስለ ወይዘሮ ሸበጥ፣ ተጥላ ስላገኘኋት ባዝራ፣ አላወራም ብዬ ነበር። «ፖድካስቱ የፈረስ ክሊኒክ ሆነ» ያላችሁኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ቅዳሜ አንድ ነገር ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሰኮናዋ ደህና ነው። ማለቴ፣ ደህና እየሆነ ነው። ሰኮና በወር አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አያድግም። ከጠጉሩ ሥር የሚበቅለው ጤነኛው ክፍል መሬት እስኪደርስ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያ የተቆለመመው ጫፍ፣ ሸበጥ ያስባላት፣ ባንዴ ከተቆረጠ ደግሞ አቋሟ ይዛባና ጅማቷን ይጎዳታል። በየአምስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነው የሚነሳላት። እኔ የመጀመሪያው ቀን መጋዝ ይዤ ቆሜ ነበር። ሐኪሙ እንዴት እንደገላመጠኝ! ጎረቤቴ እትዬም «ከስታለች» ብለው አንድ ቁና ገብስ ይዘው መጡ። ለካ እህል ሲበዛ ሰኮናው ውስጥ ይቆጣል፤ አጥንቱ ከያዘው ይላቀቃል። በደግነት ልንገድላት ነበር እኮ።

ቅዳሜ። ድርቆሽ እየበተንኩ ነው። አንድ ሰውዬ አጥሩ ጋ ቆመ። ምላሱን ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ። ያቺ ባዝራ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ሄደች። በቃ ሄደች! እኔ እኮ አራት ወር በካሮት ስለምናት ነው የከረምኩት። «ዳማ» አላት። ገባ፣ ቁጢጥ አለ፣ ጉልበቷን ነካ ሲያደርጋት እግሯን አነሳችለት። እኔ ያንን እግር ለማስነሳት ከእትዬና ከልጃቸው ጋር ሦስት ሆነን ነው።

«የእርስዎ ነበረች?» አልኩ።

«ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል» አሉኝ።

ንግግሬ ተዘጋጅቶ ነበር እኮ። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ስትሰሙት ነበር፤ «ያ ሰውዬ ቢመጣ ይህን እለዋለሁ፣ ያን እለዋለሁ»። ከአፌ የወጣው «ሻይ ይጠጣሉ?» ነው። ይኸው አሁንም «አሉኝ» ማለት ጀምሬያለሁ።

ሻዩን ሲጨርሱ «ለምን ጣሏት?» አልኳቸው።

«አልጣልኳትም ልጄ። ለቀቅኳት። ታስራ ጅብ እንዳያገኛት ገመዱን ፈታሁላት።»

ገመዱን። «ገመዷን እንኳ ቀምተው ነው የጣሏት» እያልኩ ስንት ክፍል እንደቀዳሁ ታውቃላችሁ። ቲሸርት ላይ እናትመው ያላችሁም አላችሁ።

ሊዋሹኝ ይችላሉ። ግን ማታ ተኝቼ ሳስበው፣ የጋሪ ፈረስ አስፋልት ላይ ሰኮናው ያልቃል እንጂ አይረዝምም። እንዲያ የተቆለመመው ቆማ ስለከረመች ነው። ስለዚህ ያለ ሥራ፣ ያለ ገቢ፣ ወራት ቀልበዋታል። ወይስ አስረው ረስተዋታል? ሁለቱም ያው ሰኮና ነው የሚሰጡት። ቢሾፍቱ ባጃጅ ከሞላ ወዲህ ጋሪ ምን ያስገባል ደግሞ... አይ፣ ጠበቃቸው ልሆን ነው እንዴ?

ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ ንጉሥ በፈረሱ ስም ይጠራል። እኔ ይቺን አራት ወር ሙሉ ሸበጥ እያልኩ ሳስቅባት፣ ለካ ስም ነበራት። ዳማ። ቀለሟ ነው፤ ምንም የሚያስደንቅ ስም አይደለም። ግን ስሟ ነው።

ሲወጡ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቅ ብዬ ልያት?» አሉኝ። እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። በሩን ይዤ ቆምኩ።

ዛሬ ጠዋት ምላሴን ጠቅ አደረግኩላት። ዞር ብላም አላየችኝ። ምናልባት እሳቸው ጥርሳቸው ስለጎደለ ድምፁ ይለያል... ቆይ እስቲ፣ መስኮቱ ጋ ናት፣ አንዴ ልሞክር—